ለእናቴ የሰፋሁት ሻርፕ

የእናቴን አንገት በደንብ ያየሁት ሐኪሙ ነጠላዋን እንድታወርድ ባዘዛት ቀን ነው። ከጉሮሮዋ በስተግራ የዶሮ እንቁላል የምታህል እብጠት ነበረች። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ ሲጠይቃት «ቆየት ብሏል» አለችው። እኔ በየበዓሉ አዲ አርቃይ እየወረድኩ እጠይቃታለሁ። ሁልጊዜም ነጠላዋን እስከ አገጯ ተከናንባ ነበር የምትቀበለኝ። በዚያ ሁሉ ሙቀት ምነው ተከናነብሽ ብያት አላውቅም።

ሐኪሙ በቀጭን መርፌ ናሙና ወሰደና ውጤቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደሚደርስ ነገረን። እናቴ ጎንደር ቁስቋም ከተከራየሁት ክፍል ሁለት ቀን ብቻ ሰንብታ «ላሚቱ ልትወልድ ደርሳለች» ብላ ተመለሰች። ውጤቱን እኔ ተቀብዬ ላሳውቃት ተስማማን። መጥፎ ከሆነ ግን ራሷ ተመልሳ መምጣት፣ ምናልባትም ወራቱን ሁሉ መመላለስ ይኖርባታል። ከበሽታው ቀጥሎ ያስጨነቀኝ ይኸው መንገድ ነበር።

ከአዲ አርቃይ ጎንደር ለመምጣት ሊማሊሞን መውጣት ግድ ነው። እናቴ ለቆላው ሙቀት የሚሆን ስስ ልብስ ለብሳ ትሳፈራለች፤ ደባርቅ ስትደርስ በብርድ ትንቀጠቀጣለች። ጠመዝማዛው ደግሞ ያስመልሳታል። ለምርመራው ስትመጣ ሪፈር የተጻፈላትን ወረቀት እንደ ልማዷ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራው ነበር። ዳገቱ ላይ ሲያስመልሳት አፏን የጠረገችው በዚያው ጫፍ ነው። መናኸሪያ ስቀበላት ቋጠሮዋን ፈትታ የሰጠችኝ ወረቀት ሊጥ ሆኗል። ማህተሙ አይነበብም ተብለን ግማሽ ቀን ከመስኮት መስኮት ስንዞር ዋልን። እናቴም እግሯን እየጎተተች ብቻ ተከተለችኝ።

ከሄደች በኋላ ሥራ መሥራት አቃተኝ። የምሠራው መዝገብ ቤት ነው። አንዱን ፋይል ላወጣ ሄጄ ሌላውን ይዤ እመጣለሁ። ቤት ስገባ ደግሞ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ እጄን አያለሁ።

አከራዬ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፉ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ሥራውን ቢተዉትም በእግር የምትሠራዋ የስፌት መኪናቸው አሁንም በረንዳው ላይ በጨርቅ ተሸፍና ተቀምጣለች። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከመኪናዋ አጠገብ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አገኙኝ።

«ምነው ልጄ፣ ሰውነትሽ እዚህ ነው፣ ልብሽ የት ሄደ?» አሉኝ።

የእናቴን ነገር ነገርኳቸው። ስለ እብጠቱ ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙ። ስለ ነጠላውና ስለ ወረቀቱ ስነግራቸው ግን ቀና አሉ። ለበሽታው የሚያደርጉት ነገር የለም፤ ለወረቀቱ ግን አላቸው።

«ሻርፕ ስፊላት» አሉኝ። «የሚያሞቅ ይሁን፤ ከውስጡም ዚፕ ያለው ኪስ አብጂለት። ከላይ ሲያዩት ሻርፕ ብቻ ነው። ካርዷንም፣ ወረቀቷንም እዚያ ትክተት። አንገቷ ላይ ያለ ነገር አይጠፋባት፣ አይረጥብባት።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ቁልፍ እንኳ ተክዬ አላውቅም።»

«እኔስ ከእናቴ ሆድ ስፌት ይዤ ወጣሁ እንዴ? ተነሽ፣ ጨርቁን አውርጂው።»

በዚያው ቀን ገበያ ወጥቼ ጥቁር አረንጓዴ፣ ወፈር ያለና ለስላሳ ጨርቅ አንድ ሜትር ተኩል ገዛሁ። ለውስጡ የሚሆን ስስ ነጭ ጨርቅ እሳቸው ከሳጥናቸው አወጡልኝ። ዚፑንም ከአሮጌ የትራስ ልብስ ላይ ራሳቸው ተረተሩት። እኔ ወዲያው ጨርቁን ልሰፋ ነበር የቸኮልኩት። እሳቸው ግን ከደብተሬ አንድ ወረቀት ቀደው መርፌው ሥር አስገቡልኝ። ክር የለውም። በመስመሩ ላይ ብቻ መርፌውን እየነዳሁ እንድሄድ አዘዙኝ።

ቀላል መስሎኝ ነበር። እግሬን ስጭነው መኪናዋ ወደ ኋላ ትሄዳለች። ቀስ ስል ትቆማለች፣ ስቸኩል ትበራለች። መርፌው መስመሩን ትቶ በወረቀቱ ላይ እንደ ዶሮ ይጭራል። አምስት ወረቀት በሳስቼ ስጨርስ ግን አንድ ነገር ታወቀኝ፤ ያን ያህል ሰዓት ስለ ውጤቱ አላሰብኩም።

ከዚያ በኋላ ከሥራ እንደወጣሁ በቀጥታ በረንዳው ላይ መገኘት ጀመርኩ። ጨርቁን መሬት ላይ ዘርግተን፣ በሳሙና ቁራጭ አስምረን ቆረጥነው። ዚፑን በመጀመሪያ በእጅ እንድወሰውስ፣ ከዚያ በመኪና እንድደግመው አሳዩኝ። ነጩን ጨርቅ እንደ ትንሽ ከረጢት አድርጌ ከዚፑ ጋር አያያዝኩት። ሁለቱን ረጃጅም ጠርዞች ጀርባቸውን ወደ ውጭ አድርጌ ሰፋሁና፣ ለመገልበጫ በተተወችው ክፍተት ሻርፑን እንደ ካልሲ ገለበጥኩት። ቆንጆ ሆኖ ወጣ። ዚፑን ብፈልገው ግን የለም። ከላይም የለም፣ ከታችም የለም። በእጄ ስዳብሰው በሁለቱ ጨርቆች መካከል ይሰማኛል። ዚፑን ወደ ውጭ አዙሬ ኖሮ ስገለብጠው ተውጦ ቀርቷል።

«ተደበቀ ማለት እንዲህ ነው!» አሉ አከራዬ። «ሌባውም አያገኘው፣ ባለቤቱም አያገኘው።» ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። እናቴ ከሄደች ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

ተረትሬ እንደገና ጀመርኩ። በሁለተኛው ዙር ዚፑ በቦታው ወጣ፤ ነገር ግን የኪሱን አፍ ከጠርዙ ጋር አብሬ ሰፍቼ ዘግቼዋለሁ። ዚፑ ይከፈታል፣ እጅ አይገባም። እንደገና መተርተር። ያን ቀን አከራዬ አጠገቤ ተቀምጠው ክሩን በምላጭ ጫፍ እየበጠሱ ሲያግዙኝ ነው የአክስቴን ነገር ያወራኋቸው።

የእናቴ ታላቅ እህት ከሦስት ዓመት በፊት ሆዷን ታማ ጎንደር መጥታ ነበር። ውጤቱን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ካንሰር ነው፣ ተሰራጭቷል አሉኝ። ለእናቴ ስነግራት «እንዳትነግሪያት፤ ጨጓራ ነው በያት» አለችኝ። አልኳት። ዓይን ዓይኗን እያየሁ «ደህና ነሽ አክስቴ፣ ጨጓራ ብቻ ነው። በርበሬና ቃሪያ ተዪ ብለውሻል» አልኳት። ግንባሬን ስማ መርቃኝ አገሯ ገባች። ከአራት ወር በኋላ ቀበርናት። እስከ መጨረሻው ቀን በርበሬ አልነካችም። የምትድን መስሏት አልጫ ስትበላ ከረመች።

አከራዬ ምላጩን አስቀመጡት። «ታዲያ አሁን» አሉኝ «እናትሽ ማንን ብላ ታምናለች?»

 እስከዚያች ሰዓት የፈራሁት ክፉ ውጤትን ብቻ ነበር። ደግ ውጤት ቢመጣስ እንዴት አድርጌ እንደማሳምናት አላሰብኩበትም።

ሻርፑ ያለቀው ውጤቱ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። በሦስተኛው ሙከራ ዚፑም ወጣ፣ ኪሱም እጅ አስገባ። ስፌቱ ጠማማ ነው፤ አንዱ ጫፍ ከሌላው በሁለት ጣት ይረዝማል። አከራዬ ግን በመዳፋቸው ዳብሰውት «ሸጋ ነው» አሉኝና ጉዳዩ በዚያው አበቃ።

በማግስቱ ሐኪሙ ወረቀቱን አንብቦ «ካንሰር አይደለም» አለኝ። እንዲደግምልኝ ለመንኩት። ደገመልኝ። እብጠቱ አደገኛ እንዳልሆነ፣ በዓመት አንድ ጊዜ እየመጣች መታየት ብቻ እንዳለባት፣ ካደገ ግን ቶሎ መምጣት እንዳለባት አስረዳኝ። እሺ እሺ እያልኩ ወጣሁና ግቢው ውስጥ አንድ ዛፍ ሥር ቆሜ ደወልኩላት።

«እማዬ፣ ደህና ነሽ! ካንሰር አይደለም አሉኝ!» አልኳት። እንባዬ ግን ቀድሞኝ ነበር። ድምፄ ተቆራረጠ።

 «ደህና ከሆንኩ ምን ያስለቅስሻል?» አለች።

«ደስ ብሎኝ ነው እማዬ።»

«እሺ። እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። የሩቅ ሰው መርዶ እንደሰማች ሁሉ፣ ድምፅዋ ላይ ምንም አልነበረም። ከዚያ ላሚቱ ጥጃ እንደወለደች ነግራኝ ስልኩን ዘጋችው።

እንዳላመነችኝ ገባኝ። የሦስት ቀን ፈቃድ ጠይቄ በማግስቱ ማለዳ መናኸሪያ ወጣሁ። ማህተም ያለበትን ውጤት በአራት አጥፌ ሻርፑ ኪስ ውስጥ ከተትኩ፣ ዚፑን ዘጋሁ፣ ሻርፑን አንገቴ ላይ ጠመጠምኩት። ዳባት ላይ ጉም ነበር፤ ደባርቅ ላይ ደግሞ ብርዱ አጥንት ይበሳል። ሻርፑ አሞቀኝ። ሊማሊሞን እየወረድን ሙቀቱ ሲጀምር ሰው ሁሉ ልብሱን ማውለቅ ያዘ። እኔ አላወለቅኩም። በየመታጠፊያው እጄን እየሰደድኩ ወረቀቱን በጨርቁ ላይ እዳብሳለሁ።

ዛሪማ ስንደርስ አጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ታዝበውኝ ኖሮ «ምነው ልጄ፣ በዚህ ወበቅ አንገትሽን አነቅሽው?» አሉኝ።

«ብርድ መትቶኝ ነው አያ» አልኳቸው። ማርያም ትማርሽ ብለው መስኮቱን ዘጉልኝ። አዲ አርቃይ እስክንደርስ በላብ ታጠብኩ።

እናቴን ያገኘኋት ከጓሮ ጥጃዋን ስታጠባ ነው። ተሳሳምን፤ ውሃ አቀረበችልኝ። አንገቷ እንደ ልማዷ ተሸፍኗል። የሐኪሙን ቃል አንድ በአንድ ነገርኳት። ጎንበስ ብላ መሬቱን እያየች ሰማችኝ። ስጨርስ ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

«ለእህቴም የነገርሻት በዚሁ ፊትሽ ነው» አለች።

ቁጣ የለበትም። ያን ቀን ዝናብ ነበር እንደሚባለው፣ የሆነውን ነገር ብቻ ነው የተናገረችው። ስለዚህ ይበልጥ ከበደኝ። ሻርፑን አውልቄ ዚፑን አሳየኋት፤ ወረቀቱን አውጥቼ እጇ ላይ አስቀመጥኩት። ማንበብ አትችልም፤ ማህተሙን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው።

«ወረቀትማ እሷም ነበራት» አለች።

«ነገ ጤና ጣቢያ አብረን እንሂድና ያንብቡልሽ።»

«ከአንቺ ጋር?» አለች። «አስቀድመሽ በዓይንሽ ጠቅሰሽ ነው የምታስነብቢልኝ። ተዪው። የምበላበት አፍ አለኝ፣ የምቆምበት እግር አለኝ፤ ይበቃኛል።» ወረቀቱን ራሷ ወደ ኪሱ መለሰች፣ ሻርፑን ምሰሶው ላይ ባለችው ችንካር ሰቀለችና ራት ልታቀርብ ተነሳች። 

ጠዋት ስነቃ ቤቱ ባዶ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ነጠላዋ ግን አልጋው ራስጌ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ያለ ነጠላ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አትሄድም። ዞር ብዬ ምሰሶውን አየሁ። ችንካሩ ላይ ሻርፑ የለም።

ጫማዬን በቅጡ ሳላጠልቅ ወጣሁ። ጤና ጣቢያው ከቤታችን የሩብ ሰዓት መንገድ ነው፤ ያን ቀን እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። አግዳሚው ላይ ሕፃን የታቀፉ ሴቶች ተቀምጠዋል። የምርመራ ክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። በክፍተቱ የእናቴን ጀርባ አየሁት፤ አረንጓዴውን ሻርፕ እስከ ጆሮዋ ጠምጥማዋለች። ፊት ለፊቷ አንዲት ወጣት ጤና መኮንን ወረቀቱን ይዛለች። ከሌላ አገር ከመጣች ወር እንዳልሞላት ኋላ ሰማሁ፤ የከተማውን ሰው አታውቅም። እናቴ መርጣ እንደሄደች ያኔ ገባኝ።

ልገባ እጄን በሩ ላይ እንዳሳረፍኩ ድምፃቸውን ሰማሁና ቆምኩ።

«የማን ውጤት ነው እማማ?»

«የጎረቤቴ ነው ልጄ። እግሯን አሟት ነው እኔን የላከችኝ።»

«ዘመድዎ ናት?»

«ዘመዴ አይደለችም፤ ብትሞትም ለቅሶ ከመድረስ በቀር ምንም አይደርስብኝ። ስለዚህ አትደብቂኝ። የምትሞት ከሆነች ትሞታለች በይኝ።»

መኮንኗ ወረቀቱን እስከ ታች አነበበች። ገልብጣ ጀርባውን አየችው። እኔ ራሴ ያነበብኩትን ወረቀት፣ በቃሌ የያዝኩትን ወረቀት፣ እንደ አዲስ ፈራሁት። ሐኪሙ ቢሳሳትስ? እኔ በደንብ ሳልሰማ ቀርቼስ ከሆነ?

«አትሞትም» አለች መኮንኗ። «እብጠቱ ካንሰር አይደለም። እንዲህ ያለ የአንገት እብጠት ያለባቸው ብዙ ሴቶች አሉ። በዓመት አንዴ ጎንደር ሄዳ ትታይ፤ ካደገባት ወይም መዋጥ ካስቸገራት ግን ቶሎ ትሂድ። ይኸው ነው።»

«ምለሽ ነው?»

«መማል አያስፈልገኝም እማማ፣ እዚህ ተጽፏል።»

«የተጻፈውን በጣትሽ እያሳየሽ ንገሪኝ።»

መኮንኗ አልሰለቸችም። ወንበሯን አስጠግታ ጣቷን እያስኬደች ቃል በቃል ወደ አማርኛ መለሰችላት። እናቴ አጎንብሳ ጣቷን በዓይኗ ተከተለች።  ከዚያ እናቴ ሁለቱንም እጆቿን አንስታ ሻርፑን ከአንገቷ ላይ ፈታችው።

«እንግዲያው ይህን እይልኝ» አለች። «የተጻፈው ስለዚህ ነው?»

መኮንኗ ወደ አንገቷ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ወዳለው ስም፣ መልሳም ወደ እናቴ አየች። «እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«እኔ ነኝ። ዋሸሁሽ ልጄ፣ ይቅር በይኝ። እውነቱን እንድትነግሪኝ ብዬ ነው።»

መኮንኗ ሳቀች፤ አንገቷን በሁለት ጣቷ ዳሰሰችላትና «እሱው ነው፤ አይዞዎት» አለቻት። የእናቴ ትከሻ ወደ ታች ሲወርድ ከኋላ አየሁት። ያን ሁሉ ጊዜ ከፍ ብሎ እንደኖረ ያወቅኩት ሲወርድ ነው። ከሴቶቹ መካከል አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። አንዷ እናት «ደህና አይደለሽም?» ብላ ክንዴን ያዘችኝ። «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» አልኳት፤ ያው እያለቀስኩ።

እናቴ ስትወጣ አየችኝ። አልደነገጠችም፣ ለምን ተከተልሽኝም አላለችም። መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች።

«ለካ እውነትሽን ኖሯል» አለች።

ወደ ቤት ስንመለስ ሻርፑ ክንዷ ላይ ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በከተማው መንገድ ላይ አንገቷን ሳትሸፍን ስትሄድ አየኋት። ሰላም የሚሏት ሰዎች ዓይናቸው እብጠቱ ላይ ያርፋል፤ እሷም ሳይጠይቋት «ምንም አይደለም አሉኝ፣ ጎንደር ታይቻለሁ» እያለች ታልፋለች። ለሦስተኛው ሰው ስትነግር ድምፅዋ ውስጥ ኩራት ቢጤ ገብቶበት ነበር። ትንሽ ከሄድን በኋላ ሻርፑን ወደ ብርሃን አንስታ በደንብ አየችው።

«ማነው የሰፋው ይህን?»

«እኔ።»

«አንቺ?» ጠርዙን እስከ ጫፉ ተከተለችው። «ምነው ታዲያ ስፌቱ የበሬ ሽንት መሰለ?»

መንገድ ላይ ቆመን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ዚፑ ተውጦ እንደቀረ፣ የኪሱን አፍ እንደሰፋሁት፣ አከራዬ እንዴት እንደሳቁብኝ ነገርኳት። ደግሜ እንድነግራት ጠየቀችኝ።

ቤት ገብተን ምሳ ስንበላ ነው የቀረውን የተናገረችው። ጉርሻዋን ይዛ ቆመችና «እህቴን ያስዋሸሁሽ እኔ ነኝ» አለች። «ያንቺ ኃጢአት አይደለም። ያኔ የራራሁላት መስሎኝ ነበር። እነዚህን ሁለት ሳምንታት ግን ማንንም ሳላምን ስኖር አየሁት። እሷም ሳታውቅ አልቀረችም፤ ማንም አልነገራትም እንጂ።»

 እጇን ያዝኩት።

«የኔን ለኔ ንገሪኝ» አለችኝ። «ደግም ቢሆን ክፉም ቢሆን። ለዘመድም አይደለም፣ ለማንም አይደለም፤ መጀመሪያ ለኔ።»

«እሺ እማዬ።»

«በይ ብዪ» ብላ ጉርሻውን ለኔ አጎረሰችኝ። ከሰዓት በኋላ እሷ መደብ ላይ፣ እኔ አጎዛው ላይ ጋደም አልን። እናቴ በቀን ስትተኛ አይቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ላሚቱ እስክትጮህ ድረስ አፏን ከፍታ ተኛች።

በማግስቱ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዤ ተመለስኩ። ዳገቱን ስንጀምር ጭንቅላቴን መስኮቱ ላይ አስደገፍኩ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም። ጎኔ የነበረችው ሴት «እህት፣ ሰው ለቁርስ ወርዷል፣ አትወርጂም?» ብላ ስትቀሰቅሰኝ ደባርቅ ደርሰን ቆመናል።